የደጋ ብርድና የታሰረ ውሻ፦ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ውሻን ስለ ማንሸራሸር



የዛሬው ርእሴ ለአንዳንዶቻችሁ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ውሻን በብርድ ወራት ማንሸራሸር በረዶ የሚከመርባቸው የባለጸጋ አገሮች ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከትም የሚል አስተያየት ብዙ ጊዜ ይሰነዘራል። እኔ ግን ጉዳዩ በደጃችን መሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ። አዲስ አበባን ከከበቡት ከተሞች መካከል ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን በምሳሌነት መርጫለሁ። ሦስቱም ደገኛ ከተሞች ናቸው፤ ሦስቱም በፍጥነት እየሰፉ ነው፤ በሦስቱም ብዙ ግቢ በውሻ ይጠበቃል። የንግግሬ ፍሬ ሐሳብ አንድ ነው፦ በደጋችን ውሻን አብዝቶ የሚጎዳው ብርዱ ብቻውን አይደለም፤ ብርዱ ውሻውን ታስሮ፣ ረጥቦ ወይም ተርቦ ሲያገኘው ነው።

በቅድሚያ ስለ አንድ ቃል ልናገር። በውጭ ቋንቋ የተጻፈ የውሻ አያያዝ ምክር ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ የአውሮፓ ብርዳማ ወቅት «ክረምት» እየተባለ ይተረጐማል። የእኛ ክረምት ግን የዝናብ ወቅት ነው። ሌሊቱ እጅግ የሚቀዘቅዘው በበጋ፣ በተለይም ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ነው። ስለዚህ ምክሩን እንዳለ የተቀበለ ሰው ሁለት ጊዜ ይሳሳታል። በሐምሌ ላይ ሆኖ፣ በረዶ ለማቅለጥ በመንገድ ላይ ስለሚበተን ጨው ያነብባል፤ ውርጩ በሚበረታበት በታኅሣሥ ደግሞ «በጋ ገብቷል» ብሎ ይዘናጋል። በእኛ ዘንድ ውሻን የሚፈትነው ብርድ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የበጋ ሌሊት ደረቅ ቁር ሲሆን፣ ሌላው የክረምት እርጥብ ብርድ ነው። ሁለቱ የሰውነትን ሙቀት የሚወስዱበት መንገድ ስለሚለያይ መፍትሔያቸውም ይለያያል።

ደረቁን ቁር ለመረዳት የቦታውን አቀማመጥ ማየት ያስፈልጋል። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ በወጨጫ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በአምቦ መንገድ፣ በገፈርሳ ግድብ አቅራቢያ ያለችው ቡራዩ፣ እንዲሁም እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ያለችው ሱሉልታ ከሰበታ ከፍ ይላሉ። በአማካይ 1,000 ሜትር ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ሙቀቱ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ከፍታ ብቻውን ሁሉንም አይገልጽም። ደመና በሌለበት የበጋ ሌሊት መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቃለች። መሬቱን የነካው አየር ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ አየር ከባድ በመሆኑ ከተራራው ወገብ ወደ ሜዳው ይወርድና እዚያው ይተኛል። በተራሮች የተከበበው የሱሉልታ ሜዳ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር እንረዳለን። የአየር ጠባይ መለኪያ ቴርሞሜትር የሚሰቀለው በሰው ቁመት ግድም ነው። ነፋስ በሌለበት ጥርት ያለ ሌሊት ግን በሣሩ ላይ ያለው አየር ከዚያ በብዙ ዲግሪ ሊቀዘቅዝ ይችላል። መለኪያው ከዜሮ በላይ እያሳየ ሣሩ ላይ አመዳይ የምናየው በዚህ ምክንያት ነው። መሬት ላይ የተኛ ውሻ የሚያድረው በዚያ ቀዝቃዛ አየር ውስጥ ነው። ስለዚህ በዜና የምንሰማው አሐዝ የእኛን ብርድ ይነግረናል እንጂ የውሻውን አይነግረንም።

አሁን ወደ ውሻው ሰውነት ልመለስ። የጤናማ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ይህን ለመጠበቅ ውሻ ጠጉሩን ያቆማል፤ ተጠቅልሎ በመተኛት ለአየር የተጋለጠ ገላውን ይቀንሳል፤ ከቆዳው ሥር ያሉት ደም ሥሮች ይጠብባሉ፤ ይህ ሁሉ ካልበቃ ይንቀጠቀጣል። መዳፉም የራሱ ጥበብ አለው። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሳዩት፣ በመዳፉ ውስጥ ሙቅ ደም የሚያመጡትና ቀዝቃዛ ደም የሚመልሱት ሥሮች ተጠጋግተው ስለሚሄዱ፣ የሚወርደው ደም የሚመለሰውን ያሞቀዋል። መዳፉ መሬት ቢነካም ቅዝቃዜው ወደ መላ ሰውነት በቀላሉ አይዘልቅም።

ከመከላከያዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ግን የጡንቻ ሥራ ነው። ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል አብዛኛው የሚወጣው በሙቀት መልክ ነው። መንቀጥቀጥ ሰውነት በግድ የሚሠራው የጡንቻ ሥራ ሲሆን፣ መራመድና መሮጥ ደግሞ በፈቃድ የሚሠራ ነው። በአጭር ሰንሰለት የታሰረ ውሻ ይህን ሁለተኛውን ተነፍጓል። ፀሐይ ወደ ወጣችበት ጥግ መሄድ፣ ከነፋስ መሸሽ ወይም ከረጠበ ቦታ መነሣት አይችልም። ቀን ታስሮ ሌሊት የሚለቀቅ ውሻ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ እጅግ የሚጎዳው ቀንም ሌሊትም በር ላይ ታስሮ የሚኖረው ነው።

«ውሻ ብርድ አይሰማውም» የሚሉ ሰዎች ሁለት ማስረጃ ሲያቀርቡ እሰማለሁ። አንደኛው የዋልታ ውሾች ናቸው። እውነት ነው፣ ኖርዌያዊው አሙንድሰን እ.ኤ.አ. በ1911 ደቡብ ዋልታ የደረሰው በግሪንላንድ ውሾች በሚጎተት መንሸራተቻ ነበር። እነዚያ ውሾች ግን ድርብና ጥቅጥቅ ያለ ጠጉር የወረሱ፣ ለሥራው የሚቀለቡና ቀኑን ሙሉ የሚጎትቱ ነበሩ። በግቢያችን የምናየው ውሻ በአብዛኛው ጠጉሩ አጭር ነው። ሁለተኛው ማስረጃ የራሳችን ቀይ ቀበሮ ነው። በባሌ ተራሮች፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ውርጫማ ሜዳ፣ ቀይ ቀበሮ ደጅ ላይ ተጠቅልሎ፣ አፍንጫውን በጭራው ሸፍኖ ያድራል። ነገር ግን መኝታውን የሚመርጠው ራሱ ነው፤ ሲነጋም አይጥ እያደነና ግዛቱን እየዞረ ይውላል። ሁለቱም ምሳሌዎች የሚመሰክሩት ለእንቅስቃሴ እንጂ ለሰንሰለት አይደለም።

ታዲያ መቼና እንዴት እናንሸራሽር? በበጋ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ጣራ የሚነካው ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስትወጣ ባለው ጊዜ ነው። ይህ ሰዓት በእነዚህ ከተሞች ጅብ ከማደሪያው ያልገባበት ሰዓትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አመዳዩና ጤዛው እስኪረግፍ፣ ቢያንስ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት መታገሥ ይመረጣል። ማለዳ ወደ አዲስ አበባ ለሥራ የሚወጣ ሰው ይህ አይመቸውም፤ እርሱ ከቀኑ 10 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ቤተሰቡ ወይም የግቢው ጠባቂ ውሻውን እንዲያወጣው ሊያደርግ ይችላል። በክረምት ነገሩ ይገለበጣል። በአካባቢያችን ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ጠዋቱ የተሻለ ነው። ባጭሩ፣ በበጋ ይርፈድ፤ በክረምት ይቅደም።

በቀን ሁለት ጊዜ አጭር ጉዞ፣ ሳምንቱን ሙሉ ታስሮ ከርሞ እሑድ ከሚደረግ ረጅም ሩጫ ይበልጣል። አነሣሡም ቀስ ያለ ይሁን። በ2,700 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ከሩብ በላይ ያንሳል፤ ሯጮቻችን ሱሉልታን ለልምምድ የመረጡበት ምክንያት ይኸው ነው። በቅርቡ ከቆላ የመጣ፣ የወፈረ ወይም ያረጀ ውሻ ቀስ በቀስ መለማመድ አለበት። ቡችሎች፣ ከሲታዎችና ትናንሽ ውሾች ሙቀታቸውን ቶሎ ስለሚያጡ ጉዟቸው ይጠር።

እርጥብ ብርድን በተመለከተ አንድ አሐዝ ብቻ ልጥቀስ፤ ውሃ ከአየር ይልቅ 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ሙቀት ያስተላልፋል። ጠጉር የሚያሞቀው በመካከሉ አየር ስለሚይዝ ነው፤ ሲረጥብ ያ አየር በውሃ ይተካል። ስለዚህ በዝናብ የተመታ ውሻ በአሮጌ ጨርቅ ወይም በጆንያ ተወልውሎ ይድረቅ፤ በጣቶቹ መካከል የገባው ጭቃም ይጠረግ። መኝታው በሲሚንቶ ወለል ላይ መሆን የለበትም፤ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ ደረቅ ጭድ ይነጠፍለት፤ የጎጆው በርም ከነፋስ ፊት ይዙር። ቆርቆሮ ብቻውን ዝናብ ይከላከላል እንጂ ሙቀት አይይዝም። በብርድ ወራት ቀለቡ ይጨመርለት፤ ሙቀት የሚመነጨው ከምግብ ነውና።

ውሻው ያለማቋረጥ ቢንቀጠቀጥ፣ መዳፉን እያፈራረቀ ቢያነሣ ወይም አልሄድም ቢል ወደ ቤት መመለስ ይገባል። በጣም ቀዝቅዞ ሳለ መንቀጥቀጡ ቢቆምና ቢፈዝ፣ መሻሉ ሳይሆን መባሱ ነው። ይደረቅ፣ በብርድ ልብስ ይሸፈን፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ለብ ያለ ውሃ በጠርሙስ በአጠገቡ ይቀመጥ፣ ወደ እንስሳት ሐኪምም ይወሰድ። በተዘጋ ክፍል ከሰል ማንደድ ግን ሰውንም ውሻንም ይገድላል።

ከግቢ የሚወጣ ውሻ ከሌሎች ውሾች ጋር ይገናኛል። ስለዚህ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በየጊዜው ሳይታደስ ማንሸራሸር አይገባም፤ ውሻውም በገመድ ይያዝ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ዓለም በውሻ ሳቢያ የሚመጣውን የዚህን በሽታ ሞት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቆም ግብ ይዟል፤ የእኛም ድርሻ ከየበራችን ይጀምራል።

«የተንሸራሸረ ውሻ ጥሩ ጠባቂ አይሆንም» የሚል ስጋት እንዳለ አውቃለሁ። የጠባቂ ውሻ መሣሪያው ጆሮው፣ አፍንጫውና ድምፁ ነው። ቆፈን የያዘው፣ ኃይሉን ሁሉ ሙቀት ለማቆየት የጨረሰ ውሻ እነዚህን በሚገባ ሊጠቀምባቸው አይችልም።

ለተማሪዎች አንድ የጥናት ሐሳብ ልተው። በሦስቱ ከተሞች፣ አንዱን ቴርሞሜትር በሰው ቁመት፣ ሌላውን ውሻው በሚተኛበት ወለል ላይ አድርጋችሁ ከኅዳር እስከ ጥር ማለዳ ማለዳ መዝግቡ። ወጪው ትንሽ ነው። የምታገኙት ልዩነት ግን ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ የሚጠብቀን እንስሳ በምን ዓይነት ብርድ ውስጥ እንደሚያድር በአሐዝ ያሳያል፤ ሰንሰለቱን እንዲፈታ ለምትጠይቁት የግቢ ባለቤትም ከማንኛውም ንግግር ይልቅ ያሳምናል።