«ኮሙና» እና መንደሮቹ፤ የሩማንያ የገጠር አስተዳደር ስያሜዎች አተረጓጐም

የአንድ አገር የአስተዳደር እርከን ስም ወደ ሌላ ቋንቋ ሲመለስ ተርጓሚው ሁለት አደጋዎች ይገጥሙታል። አንደኛው በራሱ አገር ያለውን ስም ወስዶ ለሌላው አገር ማልበስ ነው። ሁለተኛው የባዕዱን ቃል እንዳለ አስቀምጦ አንባቢውን በጨለማ መተው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሩማንያ አንዲት ትንሽ የገጠር አስተዳደር ምሳሌነት ሁለቱን አደጋዎች ማመልከትና ለትርጕም ሥራ የሚረዱ አንዳንድ ሐሳቦችን ማቅረብ ነው።

ምሳሌያችን በትራንሲልቫንያ፣ በሲቢዩ ግዛት የምትገኘው ቢየርታን ናት። በውስጧ ሦስት መንደሮች አሉ፤ እነርሱም ቢየርታን፣ ኮፕሻ ማሬና ሪኪሽ ናቸው። በቅጥር የተከበበችው የቢየርታን ቤተ ክርስቲያን ከ1572 እስከ 1867 እ.ኤ.አ. የሉተራን ጳጳስ መንበር ነበረች። በ1993 እ.ኤ.አ. መንደሯ በዓለም ቅርስ መዝገብ ተመዘገበች። በአካባቢው ሩማንያውያን፣ ሀንጋሪዎች፣ ጀርመንኛ ተናጋሪ ሳክሶኖችና ሮማኒዎች አብረው ኖረዋል። ከሳክሶኖቹ አብዛኞቹ ከ1989 እ.ኤ.አ. ለውጥ በኋላ ወደ ጀርመን ፈልሰዋል።

በመጀመሪያ የእርከኖቹን ስም እንመልከት። ሩማንያ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ«ዡዴትስ» የተከፋፈለች ስትሆን፣ ዛሬ ቍጥራቸው ከዋና ከተማዋ ከቡካሬስት ሌላ 41 ነው። ቃሉ ዳኝነትን ከሚያመለክት የላቲን ቃል የወጣ ነው። በዡዴትስ ሥር በከተማ በኩል ከተሞች፣ በገጠር በኩል ደግሞ «ኮሙና» የሚባሉ አካላት አሉ። ኮሙና አንድ ወይም ከአንድ በላይ «ሳት»፣ ማለትም መንደሮችን ያቅፋል፤ በሕዝብ የተመረጠ ምክር ቤትና ከንቲባም አለው። ሳት ግን የራሱ ምክር ቤት የለውም።

«ዡዴትስ»ን «አውራጃ» ብሎ መተርጐም ይቻላል። ቃሉ በአገራችን መዋቅር ዛሬ መደበኛ እርከን ስላልሆነ አንባቢውን አያሳስትም። «ሳት»ም «መንደር» ቢባል ይስማማዋል። ችግሩ ያለው በ«ኮሙና» ላይ ነው። «ወረዳ» ብንለው ይሰፋበታል። «ቀበሌ» ብንለው የበላይ ትእዛዝ አስፈጻሚ የሆነ የታችኛ እርከን ይመስላል፤ የኮሙና ምክር ቤት ግን በሕግ የራሱ ሥልጣንና በጀት ያለው ነው። «ኮምዩን» የሚለው ደግሞ በአማርኛ አንባቢ ዘንድ የ1871 እ.ኤ.አ. የፓሪስ ኮምዩንን ወይም የጋራ እርሻን ያስታውሳል። ስለዚህ «ኮሙና» የሚለውን ቃል ተቀብሎ፣ መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ «ጥቂት መንደሮችን ያቀፈ የገጠር አስተዳደር» ብሎ ማብራራት ይሻላል። ምክር ቤቱ የሚገኝበት መንደርም በ«ርእሰ ከተማ» አምሳል «ርእሰ መንደር» ሊባል ይችላል። ለምሳሌ ቢየርታን የሚለው ስም የኮሙናውም የርእሰ መንደሩም ስለሆነ፣ ተርጓሚው የትኛውን እንደሚናገር ሳይገልጽ ማለፍ የለበትም።

ሁለተኛው ጉዳይ የቦታ ስም ነው። እነዚህ ሦስት መንደሮች እያንዳንዳቸው በሦስት ቋንቋ ስም አላቸው። ቢየርታን በጀርመንኛ ቢርትሄልም፣ በሀንጋሪኛ ቤሬትሃሎም ትባላለች። ኮፕሻ ማሬ በጀርመንኛ ግሮስኮፒሽ፣ በሀንጋሪኛ ናጅካፑሽ ናት። በዚህ ስም ውስጥ «ማሬ»፣ «ግሮስ»ና «ናጅ» ሦስቱም «ትልቅ» ማለት ናቸው። ተርጓሚው ይህን ቅጽል እንደ ትርፍ ቆጥሮ «ኮፕሻ» ብቻ ቢል፣ እዚያው ሲቢዩ ውስጥ ካለችው ከኮፕሻ ሚካ (ትንሿ ኮፕሻ) ከተማ ጋር ያምታታል። «ትልቋ ኮፕሻ» ብሎ ቢተረጕምም ስሙ በካርታ ላይ አይገኝም። ስለዚህ ቅጽሉ እንዳለ መቀመጥ አለበት። ሪኪሽ ደግሞ በጀርመንኛ ራይኸስዶርፍ፣ በሀንጋሪኛ ሪዮምፋልቫ ናት፤ «ዶርፍ» እና «ፋልቫ» መንደርን የሚያመለክቱ ስለሆኑ «ራይኸስዶርፍ መንደር» ማለት ድግግሞሽ ይሆናል። የሩማንኛው ስም በእንግሊዝኛ ልማድ ተነቦ «ሪቺሽ» ተብሎ እንዳይጻፍም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በሩማንኛ የዚህ ፊደል ጥምረት ድምፅ «ኪ» ነውና።

ከስሞቹ የትኛውን እንምረጥ? የመንግሥት ሰነድ ሲተረጐም ኦፊሴላዊውን የሩማንኛ ስም መያዝ ይገባል። የአንድን ሳክሶን ቤተሰብ ታሪክ ወይም የቆየ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ስንተረጕም ግን፣ ጽሑፉ የያዘውን ስም አስቀምጦ የሩማንኛውን በቅንፍ መጨመር ተገቢ ነው። አለበለዚያ ሰዎቹ ትውልድ ቦታቸውን የጠሩበትን ቃል እንሰርዛለን። የሩማንያም ሕግ ይህን ዋጋ ያውቃል። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ፣ የአንድ አናሳ ብሔረሰብ አባላት ከነዋሪው ከ20 በመቶ በላይ በሆኑበት ቦታ፣ የቦታው ስም በቋንቋቸውም እንዲጻፍ ደንግጓል።

የሕዝቦቹ ስም ሦስተኛው ጉዳይ ነው። «ሳክሶን» ሲባል ከሳክሶኒ የመጡ ይመስላል፤ ነገር ግን በ12ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ትራንሲልቫንያ የመጡት ሰፋሪዎች በብዛት ከራይን አካባቢ ነበሩ። ስለዚህ «የትራንሲልቫንያ ሳክሶን» ማለት ይበጃል። ከዚህ የከፋው «ሮማ» ነው። በአማርኛ «ሮማ» የኢጣልያ ከተማ በመሆኗ፣ «የሮማ ሕዝብ» የሚለው አንባቢውን ወደ ሌላ አገር ይወስደዋል። «ሮማንያ» ከሚለው የአገር ስም ጋር ሲሆን ደግሞ መደናገሩ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አገሩን «ሩማንያ»፣ ቋንቋውን «ሩማንኛ»፣ ሕዝቡን ደግሞ «ሮማኒ» ብሎ መለየት ሦስቱንም ከመምታታት ያድናል። «ጂፕሲ» የሚለው ግን ብዙዎቹ እንደ ስድብ የሚያዩት ስለሆነ በተርጓሚው ቃል ሊገባ አይገባም፤ በምንጩ ጽሑፍ ካለ ብቻ በጥቅስ ይቀመጥ።

በአጭሩ፣ የእርከኑን ስም ስንተረጕም ሥራውን፣ የቦታውን ስም ስንጽፍ ድምፁንና ሰነዱን፣ የሕዝቡን ስም ስንመርጥ ደግሞ የባለቤቱን ፈቃድ እንመልከት። ሦስት መንደሮች ብቻ ያሏት አንዲት ኮሙና ይህን ያህል ጥያቄ ካስነሣች፣ በመዝገበ ቃላት ሥራ ላይ ያለን ሁሉ ለትንንሽ ስሞች የምንሰጠው ጊዜ በከንቱ የጠፋ አይደለም።