«የሕዝብ ቤት» ስለሚባለው የእንግሊዞች ቢራ ቤት

እንግሊዞች ተሰብስበው ቢራ የሚጠጡበትን ቤት «ፐብሊክ ሀውስ» ይሉታል፤ አሳጥረውም «ፐብ» ብለው ይጠሩታል። ቃል በቃል ሲተረጐም «የሕዝብ ቤት» ማለት ስለ ሆነ፥ የመንግሥት ወይም የማኅበር ንብረት ሊመስል ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ቤቱ የግለሰብ ሁኖ፥ ለመጣው ሁሉ በፈቃድ የተከፈተ ስለ ሆነ፥ ከግል መኖሪያ እንዲለይ ይህ ስም ተሰጠው።

በጥንት ዘመን በዚያ አገር መጠጥ የሚጠምቁት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ነበሩ። ለቤተ ሰባቸው ከጠመቁት የተረፈውን ሲሸጡ፥ መጠጡ መድረሱን ለማስታወቅ ከደጃቸው ረዥም እንጨት አቁመው በጫፉ ቅጠል ያስሩ ነበር። ገዢውም የሚገባው ወደ ሰው ጓዳ ነበር እንጂ ወደ ሱቅ አልነበረም።

የቤትንና የመጠጥ ቤትን ወሰን ከሁሉ ይልቅ ያፈረሰው ግን በ1830 (በፈረንጆች አቈጣጠር) የወጣው የቢራ ቤት ሕግ ነው። ቀድሞ ፈቃድ የሚሰጡት የየአውራጃው ዳኞች ነበሩ፤ በዚህ ሕግ ግን ግብር የሚከፍል ባለቤት ሁሉ ዳኞቹን ሳይጠይቅ፥ ሁለት ጊኒ ከፍሎ በቤቱ ቢራ እንዲሸጥ ተፈቀደለት። ሐሳቡ ድኻው ጂን የሚባለውን ብርቱ አረቄ ትቶ ወደ ቢራ እንዲመለስ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ20,000 የሚበልጡ አዳዲስ ቢራ ቤቶች ተከፈቱ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ቤተ ሰብ የሚኖርባቸው፥ በርሜሉም ከፊተኛው ክፍል የተቀመጠባቸው ትንንሽ ቤቶች ነበሩ። አረቄው ግን በዚህ አልጠፋም። በ1869 የፈቃዱ ሥልጣን ወደ ዳኞቹ ተመለሰ።

እኛን ይልቁንም የሚያሳዝነን የሠራተኛው ሚስት ነገር ነው። አንዳንድ አሠሪዎች ደመወዝ የሚከፍሉት በመጠጥ ቤት ውስጥ ስለ ነበረ፥ የልጆቹ እንጀራ እቤት ሳይደርስ እዚያው ይቀር ነበር። ይህ ልማድ በ1883 በሕግ ተከለከለ። ልጆችም ለአባታቸው ቢራ ለማምጣት ዕቃ ይዘው ይላኩ ነበርና፥ ዕድሜው ከ14 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ በታሸገ ዕቃ ካልሆነ በቀር እንዳይሸጥ በ1901 ተደነገገ።

«ሕዝብ» የሚለው ቃልም ሴቶችን ሳያጠቃልል ብዙ ዘመን ቈየ፤ ጠማቂዎቹ ግን በመጀመሪያ እነርሱ ነበሩ። በለንደን አንድ የወይን ጠጅ ቤት ሴቶች ከባንኮኒው ቆመው እንዳይጠጡ መከልከሉ ሕግን የሚጥስ ነው ሲል የይግባኝ ፍርድ ቤት የፈረደው በ1982 ነው።