የማለዳ ጉዞና የዱር አራዊት ፎቶግራፍ

ማለዳ መነሣት ለሀገራችን ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። ካህኑ ለኪዳን፣ ገበሬው ለእርሻ፣ መንገደኛው ለጉዞ ጎሕ ሲቀድ ይነሣል፤ በየዛፉ ጫፍ የሚጮኸውንም ወፍ ከሁሉ አስቀድመው የሚሰሙት እነዚህ ናቸው። በዛሬው ዘመን ደግሞ ሌላ ማለዳ ተነሺ ተጨምሯል፤ ይኸውም የፎቶግራፍ መሣሪያውን በትከሻው አንግቶ፣ ወይም የእጅ ስልኩን ይዞ፣ የዱር አዕዋፍንና አራዊትን መልክ ለማንሣት ወደ ተራራና ወደ ደን የሚወጣው ሰው ነው። ነገሩ ለዓይን ደስታ፣ ለአካልም ጤና የሚሰጥ መሆኑን ሁሉ ያውቃል። ዳሩ ግን ከዚህ ከፍ ያለ ጥቅም አለው፤ በትዕግሥት የተነሣ፣ ቀኑና ስፍራውም የተጻፈበት ፎቶግራፍ አፍ ለሌለው ፍጥረት ምስክር ይሆንለታልና፣ ዛሬ ስለዚህ ነገር ጥቂት ቃል ለመጻፍ አስበናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከአንድ መቶ ዓመት በፊት አንድ አውሬ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ በጥይት ነበር። የባሌና የአርሲ ተራሮች ጌጥ የሆነው የደጋ አጋዘን ምሳሌ ይሁነን። የሀገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ ቢያውቀውም ቅሉ፣ በሊቃውንት መዝገብ ስም አግኝቶ የተጻፈው አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ በ1908 አድኖ ከገደለው በኋላ፣ በ1910 በሪቻርድ ላይደከር እጅ ነው። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ግን በእንግሊዝ ሀገር ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን የተባሉ ወንድማማቾች ሌላ መንገድ ከፍተው ነበር። በ1895 ስለ ሀገራቸው ወፎች ጎጆ ያሳተሙት መጽሐፍ ሥዕሉ በሙሉ ፎቶግራፍ ነበር። ወፎቹም እንዳይደነግጡባቸው የበሬ ቆዳ ወጥረው፣ ውስጡ ክፍት የሆነ አስመሳይ በሬ ሠርተው፣ በሆዱ ውስጥ ተሸሽገው ለረጅም ሰዓት ይጠብቁ ነበር። አዳኙ ገድሎ ያገኘውን እነርሱ ታግሠው አገኙት፤ ወፉም በጎጆው ቀረ።

ስለ ምን ማለዳ ይመረጣል ቢሉ፣ ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ብርሃኑ ነው፤ ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ሳለች ብርሃኗ ለስላሳ ስለ ሆነ የላባውንና የጠጉሩን መልክ አጥርቶ ያሳያል፤ ቀትር በሆነ ጊዜ ግን ከአናት በላይ ስለምትወጣ የእንስሳውን ዓይን ጥላ ይጋርደዋል። ሁለተኛው የእንስሳቱ ጠባይ ነው። በስሜን ተራሮች ጭላዳ ዝንጀሮ ሌሊቱን በገደል ላይ አድሮ ማለዳ ወደ አፋፉ ይወጣል፤ ሣር ለመጋጥ ከመሠማራቱም በፊት ፀሐይ እየሞቀ ይቀመጣል። በባሌ፣ ከፍታው 4,000 ሜትር በሚደርሰው በሳነቴ አምባ፣ የቀይ ቀበሮ ቤተ ሰብ ማለዳ ተሰብስቦ የግዛቱን ወሰን ይዞራል፤ ከዚያም ፀሐይ ምድሩን አሙቃው ፍልፈሉ ከጉድጓዱ ብቅ ሲል እያንዳንዱ ለብቻው ወደ አደን ይሄዳል። ጋጋኖም ከማደሪያው ተነሥቶ እየጮኸ ወደ መስክ የሚበረው በዚሁ ሰዓት ነው። አርፍዶ የተነሣ ሰው ከዚህ ሁሉ ጥቂቱን ብቻ ያገኛል።

ወደ ዱር የሚወጣ ሰው ነፋሱ ከፊቱ እንዲመጣ አድርጎ ይራመድ፤ ብዙዎቹ አራዊት ሰውን ከማየታቸው በፊት በጠረኑ ያውቁታልና። ነጭ ጋቢ ለቤተ ክርስቲያን ክብር ነው፤ በደን ውስጥ ግን ከሩቅ ያስታውቃል፤ ስለዚህ የአፈርና የቅጠል መልክ ያለው ልብስ ይሻላል። አካሄዱ ዝግ ያለ፣ አፉም ዝም ያለ ይሁን። ድኩላው መጋጡን ትቶ ቀና ካለ፣ ጆሮውንም ካቆመ፣ በዚህ ይብቃህ ማለቱ ነውና፣ እርምጃን መግታት ይገባል። ትቶት የሄደው ሰው ነገም ያገኘዋል፤ ያሳደደው ግን ለራሱም ለሌላውም ያጠፋዋል።

ይህን መናገራችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ በፎቶግራፍ ስም የሚሠራ በደል አለና። አንዳንዱ ጭላዳውን ለማቅረብ ዳቦ ይወረውራል፤ ሣር የሚበላውንም ፍጥረት ለማኝ ያደርገዋል። አንዳንዱ የተቀዳ የወፍ ድምፅ ደጋግሞ ያሰማል፤ ወፉም ባላጋራ የመጣበት መስሎት መብሉንና ጫጩቱን ትቶ ሲባዝን ይውላል። ሌላው ደግሞ ጎጆውን የሸፈነውን ቅጠል ቆርጦ መልኩን ያነሣል፤ ከሄደ በኋላ ግን ጫጩቶቹ ለፀሐይና ለጭልፊት ይጋለጣሉ። የቀይ ቀበሮ ነገር ከሁሉ ይልቅ ያሳስባል። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ ሀገር የማይገኘው ይህ አውሬ ለአካለ መጠን የደረሰው ቁጥሩ ከ500 እንደማይበልጥ ይገመታል፤ ከግማሽ የሚበልጠውም በባሌ ነው። በ1991፣ በ2003 እና በ2008 ከቤት ውሻ የተላለፈ የእብደት በሽታ ገብቶበት ብዙው አልቋል። እንግዲህ ውሻ አስከትሎ ወደ ሳነቴ የሚወጣ፣ ወይም በፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ ያደባውን ቀበሮ በመኪና የሚያባርር ሰው፣ ስንት የቀረውን ፍጥረት እንደሚጎዳ ያስብ።

ፎቶግራፍ ምን ያህል ሊጠቅም እንደሚችል ደግሞ በሜዳ አህያ ታሪክ ይታወቃል። ቀጫጭን መስመር ያለው ትልቁ የሜዳ አህያ በፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት በዡል ግሬቪ ስም የተጠራው፣ በ1882 ገደማ በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ከነበሩት ከምኒልክ በስጦታ ስለ ተላከላቸው ነው ይባላል። ይህ እንስሳ ዛሬ የሚገኘው በኢትዮጵያና በኬንያ ብቻ ሲሆን፣ ቁጥሩም እጅግ አንሷል። በኬንያ በ2016 በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ሊቅ ያልሆኑትም ጭምር፣ በሁለት ቀን ውስጥ ወጥተው ያገኙትን ሁሉ በቀኝ ጎኑ ፎቶግራፍ አነሡት። የአንዱ መስመር ከሌላው ስለማይመሳሰል፣ ሥዕሎቹ ቀናቸውንና ስፍራቸውን ይዘው ስለ ቀረቡም፣ እያንዳንዱ ተለይቶ ታወቀ፤ ቁጥሩም ተገመተ። ተራ ሰው ያነሣው ሥዕል ለመንግሥት ሥራ መረጃ ሆነ ማለት ነው።

በየጽሕፈት ቤቱ የምትሠሩ ሁሉ እንደምታውቁት፣ ቀንና ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ዋጋ የለውም። ፎቶግራፍም እንዲሁ ነው። ማን፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ስንቱን እንዳየ ያልተጻፈበት ሥዕል ለግድግዳ ጌጥ ይሆን ይሆናል እንጂ ለምስክርነት አይበቃም። ብርቅ የሆነ እንስሳ መራቢያ ሲሆን ግን ስፍራው ለጠባቂዎቹ ይነገር እንጂ ለሕዝብ ሁሉ አይገለጥ።

ለካህናቱም ከዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። የጥንት አባቶች ፊሳልጎስን ከጽርዕ ወደ ግዕዝ የመለሱት ከአራዊትና ከአዕዋፍ ጠባይ ምግባርን ለማስተማር ነበር። በደቡብ ጎንደርም ከነባሩ ደን የተረፈው አብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያለው ነው፤ በዚያም ደን ውስጥ የቀሩት ወፎች ጎረቤታቸው ካህኑ ነው። ከኪዳን መልስ በደጀ ሰላሙ ዛፍ ላይ የታየውን ወፍ ቀኑን ጠቅሶ የሚጽፍ አንድ ደብተር፣ ከተቻለም በአንድ ተማሪ ስልክ የተነሣ ሥዕል፣ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የመንግሥት ሹማምንት ደግሞ እንዲህ ያለውን መዝገብ በደስታ ተቀብለው በክብር ሊያስቀምጡት ይገባል። ዳኛ ያለ ምስክር አይፈርድም፤ አንድ ወፍ ከአንድ ደን በጠፋ ጊዜም ቀድሞ በዚያ እንደ ነበረ የሚመሰክር ከሌለ፣ ጠፋ ብሎ የሚጠይቅለት አይገኝም።