ስለ ብርቱ ውሾችና ስለ ባለቤታቸው ኀላፊነት

ከባሕር ዳር ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው በዘንዘልማ ጅብና ሌባ የሚያሠጋው ቤተ ሰብ ውሻ ቢያሳድግ የተገባ ነው፤ ይህንን አንነቅፍም። ነገር ግን በዚያው አጥር ሥር ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ስለሚያልፉ፣ ስለ ውሻ ቍጣ ጥቂት ማስረዳት እንወዳለን።

ብዙ ሰዎች ከውጭ የመጣው ትልቁ ውሻ፣ ለምሳሌ ጀርመን ሼፐርድ የሚባለው፣ በተፈጥሮው ክፉ ይመስላቸዋል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2022 ዓ.ም. የአሜሪካ ሊቃውንት ከ18,000 በላይ ስለሆኑ ውሾች ጠባይ ባለቤቶቻቸውን ጠይቀው ሲመረምሩ፣ በውሾች መካከል ከሚታየው የጠባይ ልዩነት በዝርያ የሚገለጠው 9 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ አገኙት። ዝርያ በርግጥ የሚወስነው ግዝፈትንና የመንጋጋን ኀይል ነው። ስለዚህ ብርቱው ውሻ ከሌላው የከፋ ባይሆንም፣ የነከሰ ዕለት ጉዳቱ ይብሳል።

ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ፣ ተርቦ፣ በድንጋይ ሲወገር የዋለ ውሻ ማታ ሲፈታ ሰውን ሁሉ እንደ ጠላት ቢያይ አያስደንቅም። ኀይለኛ እንዲሆን ብሎ ውሻን ማስራብ ከንቱ ዘዴ ነው፤ አባቶች «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ያሉት ይህን ዐውቀው ይመስለናል። ቡችላም ከተወለደ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ ከሰው ጋር ካልተላመደ አድጎ ይፈራል፤ የፈራ ውሻም ይነክሳል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት፣ እንስሳው ድንገት ቢያመልጠው እንኳ፣ ለደረሰው ጉዳት ኀላፊ ያደርገዋል። «በሩ ተከፍቶ ሳላውቅ ወጣ» ማለት እንግዲህ አያድንም።

ከቍስሉ ይልቅ የሚያስፈራው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ከሞት የሚተርፍ የለም ለማለት ይቻላል። ምልክቱ እስኪታይ ግን ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ ያነሰ ይቈያል፤ ይህም ጊዜ የሚጠቅመው ለፈጠነ ሰው ነው። የተነከሰ ሰው ቍስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይጠብ፤ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ሄዶ ክትባት ይጀምር። ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ ክትባቱን ግን አያስቀር። ውሻውም ራሱ ከ3 ወር ዕድሜው ጀምሮ ሊከተብ ይገባዋል።

በዓለም ላይ አብዷል ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች ከ100 40ው ከ15 ዓመት በታች ናቸው። ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ውሻ ሲመጣባቸው እንዳይሮጡ፣ እጃቸውን ሰብስበው ዐይኑን ሳይመለከቱ እንዲቆሙ፣ ሲበላም እንዳይጠጉት ልጆቹን አስተምሯቸው።

የነከሰውን ውሻ ሰፈርተኛው ወዲያው ቀጥቅጦ ሲገድለው እናያለን። ያበደ የሚመስለውን ማንም ሳይጠጋው ለእንስሳት ሐኪም መንገር ይገባል። ጤነኛ መስሎ የሚታየው ግን ተዘግቶበት 10 ቀን ይጠበቅ። እነዚያን ቀኖች በጤና ከጨረሰ፣ በነከሰበት ሰዓት በሽታው በምራቁ አልነበረም ማለት ነው፤ ሐኪሙም የቀረውን ክትባት ሊያቋርጥ ይችላል።