ዋጋቸው ያልታወቀላቸው፦ የኤን ቢ ኤ ክለቦች የተጫዋች ፍለጋ

በ2007 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የአሜሪካው ቅርጫት ኳስ ክለብ የሂውስተን ሮኬትስ የኮምፒውተር ስሌት ማርክ ጋሶል የተባለውን ስፔናዊ ወዶት ነበር። ያስቸገረው ፎቶው ነው። ሸሚዙን አውልቆ የተነሣው ይህ ወጣት ደረቱ ላይ ሥጋ የተንጠለጠለበት ስለሆነ ቢሮው ውስጥ የፌዝ ቅጽል ስም ወጣለት፤ ሮኬትስም አለፈው። ሌከርስ በድራፍቱ፣ ማለትም ክለቦች በየዓመቱ አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ በ48ኛ ምርጫ ወሰደው። በ2013 የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ተባለ። የሮኬትስ የያኔው ዋና ሥራ አስኪያጅ ዳሪል ሞሪ ለተጫዋች ቅጽል ስም ማውጣትን ከለከለ።

ኤን ቢ ኤ ውስጥ ብር ያለው ሁሉ ያማረውን አይገዛም። የደመወዝ ጣሪያ አለ፤ መደበኛ ስብስብም ከ15 ሰው አይበልጥም። ሊጉና ተጫዋቾቹ በ2023 የተፈራረሙት የጋራ ስምምነት ደግሞ ከላይኛው የወጪ መስመር ያለፈውን ክለብ በዝውውር እጁን ያስረዋል። ሁለት ኮከቦች አብዛኛውን ብር ከወሰዱ በኋላ ልዩነቱን የሚፈጥሩት ከሚከፈላቸው በላይ የሚሠሩት ናቸው።

እነዚህ የት ይገኛሉ? አንዳንዶቹ በድራፍቱ ሁለተኛ ዙር፤ ማኑ ጂኖቢሊ በ1999 57ኛ፣ ድሬይመንድ ግሪን በ2012 35ኛ፣ ኒኮላ ዮኪች በ2014 41ኛ ነበሩ። ቤን ዋላስ፣ ፍሬድ ቫንቭሊት እና ሉ ዶርት ጭራሽ ስማቸው አልተጠራም። ማያሚ ሂት በ2023 ለፍጻሜ ሲደርስ አሰላለፉ ውስጥ በድራፍት ያልተመረጡ በርካታ ልጆች ነበሩ። ከ2017 ወዲህ ደግሞ በዋናው ቡድንና የኤን ቢ ኤ ማሳደጊያ በሆነው በጂ ሊግ መካከል የሚያመላልሰው ጣምራ ውል ለእንዲህ ዓይነቶቹ በር ከፍቷል። ዶርት የገባው በዚሁ በር ነው።

ለዘመናት ገበያው የከፈለው ለነጥብ ነው። የሮኬትሱ ሼን ባቲዬ ነጥብም ሪባውንድም በብዛት አልነበረውም፤ እሱ ሜዳ ላይ ሲሆን ግን ቡድኑ ይሻሻል ነበር። የሌከርሱን ኮከብ ኮቢ ብራያንትን ሲይዝ ኳሱን ለመንጠቅ አይሻማም ነበር። ክለቡ የሰጠውን ቁጥር አጥንቶ ኮቢ ብዙ ወደሚስትበት ቦታ ይገፋው ነበር፤ ሲተኩስም መዳፉን ዓይኑ ፊት ይዘረጋ ነበር። ይህን የውጤት ሰሌዳው አይመዘግበውም። ከ2013–14 ጀምሮ በየስታዲየሙ ጣሪያ የተተከሉት ካሜራዎች የእያንዳንዱን ተጫዋች እንቅስቃሴ ስለሚከታተሉ እንዲህ ያለው ሥራ አሁን በከፊል ይቆጠራል።

ስሌቱ ልክ ሆኖ ሰው የሚሳሳትበትም አለ። በ2010 ከሃርቫርድ የወጣውን ጄረሚ ሊንን የሮኬትስ ኮምፒውተር በ15ኛ ምርጫ አካባቢ የሚወሰድ ነው ብሎት ነበር። መልማዮቹ ግን ፈጣን አይደለም አሉ። ኋላ የመጀመሪያዎቹን ሁለት እርምጃዎች መለካት ሲጀምሩ ከአብዛኛው የሊጉ ተጫዋች ፈጥኖ አገኙት። ሞሪ እንዳመነው ዓይናቸውን የጋረደው የሊን እስያዊነት ነበር። ክለቡ በ2011 አስፈርሞ መልሶ ለቀቀው፤ በየካቲት 2012 ለኒው ዮርክ ኒክስ ተጫውቶ ከተማዋን በደስታ አነደደ።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ገዢው ራሱ ነው። ካዋይ ሌናርድ በ2011 15ኛ ሲጠራ አተኳኮሱ ደካማ ተብሎ ነበር። ሳን አንቶኒዮ ግን ቺፕ ኤንገላንድ የሚባል የተኩስ አሠልጣኝ ነበረውና ጉድለቱን እንደሚጠገን ነገር አየው። ሌላ ክለብ ቢወስደው የኮከብነት ደረጃ ላይ ይደርስ ነበር ብዬ አላምንም።

ገበያው ግን ይማራል። ሦስት ነጥብ እየተኮሰ የሚከላከል ሰው ድሮ በቀላሉ ይገኝ ነበር፤ ዛሬ ሁሉም ይሻማበታል። አሌክስ ካሩሶን ድራፍቱ አልመረጠውም፤ ሌከርስ በ2021 ለቀቀው። ኦክላሆማ ሲቲ በድራፍት 6ኛ ሆኖ ተመርጦ የነበረውን ጆሽ ጊዲን ሰጥቶ በ2024 ከቺካጎ አመጣው፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም በ81 ሚሊዮን ዶላር የአራት ዓመት ውል አስፈረመው። በግንቦት 2025 ከዴንቨር ጋር በተደረገው የፕሌይኦፍ ሰባተኛ ጨዋታ ቁመቱ የማይደርስበትን ዮኪችን ሲያስጨንቅ የዋለው እሱ ነው።