ኪኒኑ እህል ይፈልጋል

በእኛ አገር የአእምሮ ሕመምተኛ ሐኪም ጋ ደረሰ ሲባል፣ በተለይ ከአዲስ አበባ ውጭ፣ አብዛኛውን ጊዜ የደረሰው ነርስ ጋ ነው። የሳይካትሪ ነርስ ይባላሉ። ተመላላሽ ታካሚዎችን በሚያዩባት ክፍል ይመረምራሉ፣ መድኃኒት ያዛሉ፣ ቀጠሮ ይሰጣሉ፣ በገመድ ወይም በሰንሰለት ታስሮ የመጣውን እንዲፈቱት ቤተሰቡን ይለምናሉ። ወረፋ የያዘው ሰው «ዶክተር» ብሎ ይጠራቸዋል፤ እነሱም ለማረም ጊዜ የላቸውም።

ሙያውን የወለደው እጥረት ነው። አገሪቱ ለረጅም ዘመን የነበራት የአእምሮ ሆስፒታል አንድ አማኑኤል ብቻ ነበር፤ ከመርካቶ ብዙም ሳይርቅ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመ። በ1980 ዓ.ም. አካባቢ በዚያው በአማኑኤል፣ በሥራ ላይ ያሉ ነርሶችን ለአንድ ዓመት አሠልጥኖ ወደየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል መላክ ተጀመረ። የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪም በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው ከዚያ በጣም ዘግይቶ፣ በ1995 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ። በዚያ ዓመት 70 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ የነበሩት ስፔሻሊስቶች ከአንድ ደርዘን አይበልጡም ነበር። ክፍተቱን ሸፍነው የቆዩት ነርሶቹ ናቸው።

ታካሚው ምን እንደሚያጋጥመው ከሁሉ ይልቅ የተጠናው ቡታጅራ ላይ ነው። ከ1990 እስከ 1993 ዓ.ም. ተመራማሪዎች በከተማዋና በዙሪያዋ ገጠር ቤት ለቤት ዞረው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ 68,378 ሰዎችን ጠየቁ። ስኪዞፍሬንያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም እንዳለባቸው ከተረጋገጠ ሰዎች ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ ሕክምና የሚባል ነገር አይተው አያውቁም ነበር። በቡታጅራ ሆስፒታል በነርስ የሚመራው የሳይካትሪ ክፍልም ሥራውን የጀመረው ከዚሁ ጥናት ጋር ተያይዞ ነው።

ከዚያ በፊት የነበረው አማራጭ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አማኑኤል መድረስ ነበር። የታመመን ሰው ብቻውን አውቶቡስ ላይ ማሳፈር አይቻልም። አንድ፣ አንዳንዴም ሁለት አስታማሚ አብሮ ይሄዳል። መሳፈሪያ አለ፣ አዳር አለ፣ ምግብ አለ። በግ ወይም ጥጃ ተሽጦ አንድ ጊዜ ይሄድ ይሆናል፤ ችግሩ ይህ ሕመም በአንድ ጉዞ የማያልቅ መሆኑ ነው። መድኃኒቱ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ይታደሳል፤ የሚሸጥ ከብት ያለቀ ዕለት ሕክምናውም ያበቃል። ሰንሰለት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቤተሰቡ ጨካኝ ስለሆነ አይደለም። እርሻ የሚውል ሰው ያስፈልጋል፣ በሽተኛው ገደል እንዳይገባ ወይም ጎረቤት እንዳይደበድብ የሚጠብቅም ያስፈልጋል፤ ሁለቱንም የሚሠራው ግን ያው አንድ ሰው ነው።

ነርሱ ፊት ከተደረሰ በኋላ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ጥያቄውም በአብዛኛው የሚቀርበው ለአስታማሚው ነው። ይተኛል? ይሳደባል? ኪኒኑን በትክክል ይውጣል? ባለጉዳዩ እዚያው ተቀምጦ «እሱ» እየተባለ ሲወራበት ይሰማል። ለመጀመሪያው ቀን ምክንያት ይኖረዋል፤ በሕመሙ የተያዘ ሰው የሆነውን ሁሉ ላይናገር ይችላል። ተሽሎት፣ ተመልሶ ማረስ ከጀመረ በኋላም አባቱ ሲጠየቁለት ግን ሕክምና አልለውም፣ ልማድ ነው። ጥሩ የሳይካትሪ ነርስ የሚለየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ፊቱን ወደ ታካሚው አዙሮ መጀመሪያ እሱን ይጠይቀዋል፤ የአስታማሚውን ወሬ ከዚያ በኋላ ይሰማል።

የሚታዘዙት መድኃኒቶች የቆዩና ርካሽ ናቸው፤ ክሎርፕሮማዚን፣ ሃሎፔሪዶል፣ በየወሩ ገደማ የሚወጋው የፍሉፌናዚን መርፌ። ይሠራሉ። ዋጋም ያስከፍላሉ፦ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይገተራል፣ ምራቅ ይዝረከረካል፣ ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ ይጥላል። አንዳንዱ መድኃኒቱን በጀመረ በቀናት ውስጥ አንገቱ ወደ አንድ ጎን ይጠመዘዝበታል። ማርከሻ መድኃኒት አለው፣ ቶሎም ይለቃል። ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ቤተሰብ ግን የያዘው መንፈስ ተቆጣ ብሎ ቢያስብ ምን ይገርማል? ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ማስጠንቀቂያ ባለመሰጠቱ ኪኒኑ መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ ቀጣዩ ቀጠሮም ያልፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው ሰዎች መድኃኒት ለምን እንደሚያቋርጡ በዚሁ በቡታጅራ አካባቢ ታካሚዎችን፣ አስታማሚዎችንና የጤና ሠራተኞችን ያነጋገረ ጥናት በ2005 ዓ.ም. ታትሟል። የውጭ መማሪያ መጻሕፍት ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት የተለመደ መልስ ሕመምተኛው መታመሙን ስለማያምን ነው የሚል ነው። እዚህም ይህ ተነስቷል፣ የመድኃኒቱ ጎጂ ጎንም ተነስቷል። ከሁሉ ጎልቶ የወጣው ግን የምግብ ነገር ነበር። መድኃኒቱ ያስርባል። ይህ የታካሚ ስሜት ብቻ ሳይሆን የታወቀ የመድኃኒቱ ባሕርይ ነው፤ የምግብ ፍላጎት ይጨምራል። በሀብታም አገር ይህ ውፍረት የሚባል ችግር ይሆናል። መሶቡ በጎደለበት ቤት ግን ሰውየው የልጆቹን ድርሻ እያየ የሚቆዝምበት ረኀብ ነው።

በዚህ ላይ «ኃይለኛ መድኃኒት በባዶ ሆድ አይወሰድም» የሚለው እምነት አለ፤ እናቶቻችን ሁሉ የሚሉት ነው። ስለዚህ እህል ባለቀበት ክረምት ኪኒኑን የተወ ሰው አእምሮው ስለሳተ ላይሆን ይችላል፤ አስቦበት፣ ቤቱ ያለውን አይቶ የወሰነው ሊሆን ይችላል። ሳይታከም ደግሞ ሠርቶ መብላት አይችልም። ታክሞም ሥራውን እስኪይዝ ድረስ የሚበላው ያንሰዋል። ካርዱ ላይ «መድኃኒት በትክክል አይወስድም» ተብሎ የሚጻፍበት ሰው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። የሆስፒታሉ ፋርማሲ ጤፍ አያድልም፤ ነርሱም የሚያደርገው የለውም ይባል ይሆናል። «ምን በልተሃል?» ብሎ መጠየቅ ግን ይችላል፤ መልሱን ሰምቶ የመድኃኒቱን ዓይነት ወይም የሚወሰድበትን ሰዓት ማስተካከልም ይቻላል።

ጸበሉስ? ዱዓውስ? ታካሚዎች እንደ ባለሙያዎቹ እነዚህን ከመድኃኒት ጋር አያፎካክሩም። ክርስቲያኑ ጸበል ይጠመቃል፣ ሙስሊሙ ሼኹ ጋ ሄዶ ቁርኣን ይቀራለታል፤ ብዙዎች ኪኒኑን በጸበል ይውጡታል። ጣጣው የሚመጣው አጥማቂው «መድኃኒቱን ተው» ሲል፣ ወይም ነርሱ ጸበል ሄድኩ ያለውን ታካሚ ሲቆጣ ነው። የተቆጣው ነርስ ከዚያ ቀን ጀምሮ እውነቱን አይሰማም። በኤችአይቪ ዘመን ተመሳሳይ ክርክር ነበር፤ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል በግልጽ ተናገሩ። በአእምሮ ሕመም ላይ እንዲህ ያለ ግልጽ ቃል በየጸበሉ ቢሰማ ብዙ ካርድ ከመዘጋት ይድናል።

ከቡታጅራ ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ መንገድ ላይ ያለው የሶዶ ወረዳ ሌላ ሙከራ የተካሄደበት ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ፕራይም የተባለ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በአምስት አገሮች የተካሄደ ፕሮጀክት ሕክምናውን ከሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያ አወረደው። ተራ ነርሶችና የጤና መኮንኖች በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ አጭር ሥልጠና ወሰዱ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የአካባቢው ሰዎች የታመሙትን ከየቤቱ ለይተው ላኩ። በቡታጅራ አካባቢ በተደረገና ውጤቱ በ2014 ዓ.ም. በወጣ የንጽጽር ጥናትም፣ ወደ ጤና ጣቢያ የተዛወሩት ታካሚዎች በሳይካትሪ ነርስ ከሚታከሙት የባሰ ጉዳት አልደረሰባቸውም። ለታካሚው ትልቁ ጥቅም መንገዱ ማጠሩ ነው፤ በእግሩ ደርሶ መመለስ ይችላል።

ቅርበት የራሱ ችግር አለው። ካርድ የምታወጣለት ሠራተኛ የጎረቤት ልጅ ልትሆን ትችላለች፤ እህቱ ለትዳር የደረሰችለት ሰው ይህን አይወደውም። የሠለጠነው ነርስ ይዛወራል፤ በቦታው የሚመጣው አልሠለጠነም፣ ታካሚውም ታሪኩን ከመጀመሪያው ይተርካል። ከሁሉ የሚያናድደው ግን የመድኃኒት ማለቅ ነው። «የለም፣ ከውጭ ግዛ» ሲባል የጤና መድን ደብተር የያዘውም ከኪሱ ይከፍላል፤ ካልቻለ ባዶ እጁን ይመለሳል። ለወራት ተረጋግቶ የቆየ ሰው በዚህ ምክንያት ሲያገረሽበት ጥፋቱን ማን ላይ እንደሚያሳርፉት አላውቅም፤ በተግባር ግን ካርዱ ላይ የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው።

በሶዶ ከተሞከሩት ውስጥ እኔን የሚማርከኝ መድኃኒት ያልሆነው ነው። የአካባቢው ነዋሪ የሆኑ፣ የጤና ባለሙያ ያልሆኑ ሰዎች ለሳምንታት ሠልጥነው ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን ሰዎች ለአንድ ዓመት ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ረዱ፤ ወደ ሥራ፣ ወደ ዕድር፣ ወደ ገበያ እንዲመለሱ። ዓመቱ ሲያልቅ እነዚህ ታካሚዎች ጤና ጣቢያ ብቻ ከሚመላለሱት ይልቅ የዕለት ኑሯቸውን በመምራት ተሽለው ተገኝተዋል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የማይታየው ድብርት ያለበት ሰው ነው። እሱ «ራሴን ያነደኛል»፣ «ጨጓራዬ ነው»፣ «ሰውነቴ ዛለ» ብሎ ነው የሚመጣው። የጨጓራ መድኃኒት ወይም ማስታገሻ ይዞ ይመለሳል፤ ስለ እንቅልፉና ስለ ተስፋው የጠየቀው የለም። የጤና ጣቢያዎቹ ሥልጠና ድብርትንም ያካትት ነበር፤ በወረዳው ወደ ሕክምና የደረሱት ግን በአብዛኛው ስኪዞፍሬንያን የመሰለ ከባድ ሕመምና የሚጥል በሽታ ያለባቸው ናቸው።