ሐዲድ፣ ሐይቅ፣ ካሜራ፦ የአዳማና የስምጥ ሸለቆ ከተሞች አማተር ፎቶ አንሺዎች

ከአዳማ በስተሰሜን ምዕራብ ካሉት ኮረብታዎች በአንዱ ላይ ጠዋት 12፡30 የቆመ ሰው ከተማዋን ጎድጓዳ መሬት ላይ ተቀምጣ ያገኛታል። ጎህ ሲቀድ ያለው ብርሃን ከምሥራቅ በኩል የቆርቆሮ ጣሪያዎቹን አንድ በአንድ እየነካ ይመጣል። ከጀርባ በሁለት ዙር የተተከሉት 136 የነፋስ ተርባይኖች ይሽከረከራሉ፤ ሁለቱ ዙሮች በአንድ ላይ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ካሜራ ይዞ ወደዚህ የሚወጣ ወጣት ዛሬ ብርቅ አይደለም። አንዱ ባንክ ቤት የሚሠራ ነው፣ ሌላው አስተማሪ፣ ሦስተኛው ባጃጅ ነጂ። ለፎቶው የሚከፍላቸው የለም። አማተር የሚባሉት እነዚህ ናቸው፤ ይህ ዳሰሳም ስለ እነሱና እያነሱት ስላለው ነገር ነው።

በአገራችን ፎቶግራፍ የገባው በቤተ መንግሥት በኩል ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮምም ሙያውን ወርሰው ቀጠሉ። ከዚያ ፎቶ ቤት ወደ ከተሞች ወረደ። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በሻሸመኔና በዝዋይ የፎቶ ቤቱ ሥራ ጉርድ ፎቶ፣ ሠርግና የቤተሰብ መታሰቢያ ነበር። አንድ ፊልም 36 ምስል ብቻ ይይዛል፤ ፊልሙ ይገዛል፣ ይታጠባል፣ ይታተማል፤ ሁሉም ገንዘብ ነው። ስለዚህ በሐይቅ ዳር የቆመ አባ ኮዳ ላይ ወይም በጣቢያ ጣሪያ ላይ ፊልም የሚያባክን ሰው አልነበረም። ፎቶ ማለት ሰው ማለት ነበር።

ግን ሰውዬው ከአንድ ነገር ፊት ቆሞ ነው የተነሳው። የአሮጌ የቤተሰብ አልበሞች ትልቁ ሀብት ይህ ይመስለኛል። አጎት በሙሉ ሱፍ ቆሟል፤ ከጀርባው ፉርጎ አለ። ሙሽሮች ሶደሬ ፍል ውኃ ዳር ተቀምጠዋል፤ ከጀርባቸው አሁን የሌለ ዛፍ አለ። በአዲስ አበባ የድሮ የቤተሰብ ፎቶዎችን እየሰበሰበ እ.ኤ.አ. በ2018 መጽሐፍ ያወጣው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» ይህን ሀብት ለዋና ከተማዋ አሳይቷል። የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሰብሳቢ ገና አላገኙም፤ አልበሞቹ በየቁምሳጥኑ ናቸው።

ባቡሩን አስቀድማለሁ፤ አዳማ ያለ ባቡር የምትታሰብ ከተማ አይደለችምና። ከጅቡቲ የተነሳው የመጀመሪያው ሐዲድ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። ወርዱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጉዞው ሦስት ቀን ይወስድ ነበር፤ መንገደኛው በድሬዳዋና በአዋሽ ያድራል። የባቡር ቃላትም በአፋችን ቀርተዋል፤ ለገሃር ከፈረንሳይኛ፣ ሽማግሌዎች በሞተር የሚሄደውን የመንገደኛ ባቡር አሁንም የሚጠሩበት «ሊትሪና» ደግሞ ከጣሊያንኛ መጣ። የእንፋሎቱ ሎኮሞቲቭ ለናፍጣው ሲለቅ፣ ናፍጣውም እየደከመ ሄዶ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ መስመር ሲዘጋ፣ ይህን ሁሉ በብዛት ያነሱት ከውጭ የመጡ የባቡር ወዳጆች ነበሩ። የእኛ ሰው በባቡሩ ሄደ፣ በባቡሩ ነገደ፣ በባቡሩ ተዳረ፤ ካሜራ ግን አልነበረውም።

አዲሱ ሐዲድ ሌላ ዓለም ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 የተመረቀው መስመር ከሰበታ ተነስቶ በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በአዳማ በኩል ወደ ድሬዳዋና ወደ ጅቡቲ ድንበር ይሄዳል። ከሰበታ እስከ አዳማ ሐዲዱ ጥንድ ነው፤ ከአዳማ በኋላ አንድ ነጠላ ይሆናል። በኤሌክትሪክ ስለሚሄድ ከላይ ሽቦ፣ ከጎን ምሰሶ አለ። ለፎቶ አንሺው ይህ ፈተና ነው፤ ከቅርብ ሆኖ ከተነሳ ምሰሶው የባቡሩን ፊት ይቆርጠዋል። ልምድ ያካበቱት ኩርባ ፈልገው፣ ከውጭው ጎን፣ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ያኔ ምሰሶዎቹ ከባቡሩ ጀርባ ይቆማሉ፣ ርቀቱንም ይለኩለታል። የመንገደኛ ባቡሩ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በአንድ ሴኮንድ 33 ሜትር ይጓዛል ማለት ነው። ሹተሩ በ1/1000 ሴኮንድ ሲከፈትና ሲዘጋ ባቡሩ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ፊደሉ ሁሉ ይነበባል። በ1/60 ግን ከግማሽ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ምስሉ ይደበዝዛል። ካሜራውን ከባቡሩ ጋር እኩል ማዞር የቻለ ሰው ግን በዚሁ ፍጥነት ባቡሩን አጥርቶ ጀርባውን እንደ ጅራፍ ያስረዝመዋል። ይህን ለመልመድ ብዙ ባቡር ያስፈልጋል፤ የመንገደኛው ባቡር ደግሞ በቀን ደጋግሞ አያልፍም። የጭነቱ ይሻላል፤ ረጅም ነው፣ ዝግ ይላል፣ የኮንቴይነሮቹም ቀለም በደረቁ መሬት ላይ ያምራል።

አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር። የኤሌክትሪክ ባቡር እንደ አሮጌው አይጮህም፤ ሳይሰማ ይደርሳል። በዚህ መስመር ግመልና ከብት በተደጋጋሚ ተገጭቷል። ሐዲድ ላይ ወጥቶ ፎቶ መነሳት ፈጽሞ አይገባም።

በመተሃራና በአዋሽ መካከል ባቡሩና አውራ ጎዳናው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክን አቋርጠው ያልፋሉ። ሳላ የሚባለው ባለ ቀጥ ቀንድ እንስሳ ከሩቅ በሣሩ መካከል ይታያል፤ ከበስተጀርባ 2007 ሜትር ከፍታ ያለው የፈንታሌ እሳተ ገሞራ ቆሟል። ሳላ፣ ሐዲድና ተራራ በአንድ ምስል ውስጥ እንዲገቡ የሚመኙ ብዙ ናቸው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለወራት በፈንታሌ ዙሪያ መሬት ሲንቀጠቀጥ፣ ነዋሪው ቤቱን ጥሎ ሲወጣና ምድሩ ሲሰነጠቅ፣ አስቀድመው የተነሱ ተራ የመንደር ፎቶዎች ድንገት ዋጋ አወጡ። የተሰነጠቀው መሬት ከዚያ በፊት ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳዩት እነሱ ናቸውና።

ወደ ሐይቆቹ እንሂድ። ለጀማሪ ከዝዋይ ሐይቅ ዳር የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። ዓሣ አጥማጆች ዓሣውን በሚያጸዱበት ቦታ አባ ኮዳዎች እንደ ሽማግሌ ጉባዔ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ፔሊካኖች ከጀልባው ሥር ይሻማሉ። ወፎቹ ሰውን ስለለመዱ ሁለት ሜትር ድረስ ያስጠጋሉ፤ ለዚህ ስልክ ይበቃል። ውድ ሌንስ ሳይገዛ የወፍ ዓይን ላይ ማተኮርን፣ ክንፍ ሲዘረጋ መጠበቅን፣ ነጭ ላባ በፀሐይ እንዳይነድ ብርሃን መቀነስን እዚህ መማር ይቻላል። በሐይቁ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ። በትልቋ በቱሉ ጉዶ የማርያም ጽዮን ቤተ ክርስቲያን አለች፤ በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ተሰዶ እዚህ እንደቆየ በትውፊት ይነገራል። የዛይ ሕዝብ የሚኖርበት ይህ ደሴት ለመልክዓ ምድርም፣ ለታሪካዊ ሕንፃም፣ ለወፍም የሚሆን ነው፤ በጀልባ የሚሄድ ግን ካሜራውን በላስቲክ ይጠቅልል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሐይቁን ያናውጠዋል።

ወደ ደቡብ ሲወርዱ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የአብጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። ሁለቱ ሐይቆች በጠባብ ጉብታ ብቻ ይለያያሉ፤ ፀባያቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት አለው፣ ጥቁር ሰማያዊ ነው። አብጃታ ጥልቀት የለውም፤ ዳርቻው በሶዳ ነጥቶ ፍላሚንጎዎች ሮዝ መስመር ሠርተውበት ይታያሉ። ይህ ሐይቅ ባለፉት አምሳ ዓመታት ከግማሽ በላይ ስፋቱን አጥቷል፤ ወደ እሱ የሚፈሰው ውኃ ለመስኖ መጠለፉና ለሶዳ አሽ ምርት መቀዳቱ ዋና ዋና ምክንያቶች ናቸው። ዓሣው ሲጠፋ ዓሣ የሚበሉት ወፎችም ምግብ ፍለጋ ወደ ሌላ ሐይቅ መሄድ ጀመሩ። ፍላሚንጎን ለማንሳት የሚሄድ ሰው ሁለት ነገር ይወቅ። የዳርቻው ጭቃ ከላይ ደረቅ ከሥር ለስላሳ ነው፤ መኪና ይውጣል። ሁለተኛው ያሳዝነኛል፦ መንጋው በአንድ ላይ ሲበር የሚታየው ምስል ያምራል ብለው ወፎቹን ሮጠው የሚያስነሱ አሉ። ወፉ የሚበላበትን ሰዓትና ጉልበት ነው የሚነጥቁት። ተቀምጦ የጠበቀ ሰው ግን መንጋው በራሱ ፈቃድ ሲነሳ ያገኘዋል፤ ጀምበር ከመጥለቋ በፊት ብዙ ጊዜ ይነሳል።

ከሻሸመኔ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ የሰንቀሌ የቆርኬ መጠለያ አለ። እዚያ ያለው የቆርኬ ዝርያ ዛሬ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። ወደ አዳማ ቀረብ ካልን፣ እ.ኤ.አ. በ1960 አገልግሎት የጀመረው የቆቃ ግድብ በፈጠረው ሐይቅ ጉማሬ አለ። ሶደሬ ደግሞ የጦጣ አገር ነው፤ ጦጣን በብስኩት አባብሎ ማንሳት ግን እንስሳውን ሌባ፣ ልጆችን ደግሞ ተነካሽ አድርጓል።

ስለ ብርሃን ጥቂት ልበል። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ገደማ ላይ ነን፤ ፀሐይ እንደወጣች ቶሎ ታሻቅባለች። ጥሩው ብርሃን ከ12፡30 እስከ 2፡00፣ ማታ ደግሞ ከ11፡00 እስከ 12፡15 ያህል ነው። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች፤ ጥላ የለም፣ ፎቶም የለም። ክረምቱ ወጥቶ አየሩ ሲታጠብ፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር፣ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ወፎችም ይገባሉ። በበጋው የአዳማ ነፋስና አቧራ ሌንስ ያበላሻል፤ ሜዳ ላይ ሌንስ መቀየር አይመከርም።

ታሪካዊ ሕንፃዎችን የሚያነሱት ጥቂት ናቸው፤ ይህ ያሳስበኛል። ላሊበላና ጎንደር ሚሊዮን ጊዜ ተነስተዋል። የድሮው የባቡር ጣቢያዎች፣ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት የጀመረው የወንጂ ፋብሪካና የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ የሠራቸው የሠራተኛ መንደሮች፣ አቶ በቀለ ሞላ በስምጥ ሸለቆው መንገድ ላይ የተከሏቸው ሆቴሎች ግን ታሪክ ተብለው አልተቆጠሩም። መስኮታቸው ይለወጣል፣ ግድግዳቸው በአዲስ ቀለም ይሸፈናል፣ አንድ ቀን በቦታቸው ፎቅ ይቆማል። ሕንፃ ለማንሳት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከፊት ለፊት ቀጥ ብሎ፣ ከሁለት ማዕዘን፣ ከዚያ በሩን፣ ማጠፊያውን፣ የጣሪያውን ጠርዝ፣ በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ዓመት ካለ እሱን። ይህ ፎቶ ውድድር አያሸንፍም፤ ለአናጢና ለታሪክ ጸሐፊ ግን ከጀምበር መጥለቂያ ምስል ይልቅ ይጠቅማል።

ፈቃድ ትልቁ ራስ ምታት ነው። አንድ ጊዜ አንድ ጣቢያ አጠገብ፣ ከአጥር ውጭ ቆሜ ሳለ ጥበቃው መጣ። «ጋሼ፣ እዚህ ፎቶ አይቻልም» አለኝ በትሕትና። የትኛው መመሪያ እንደሚከለክል ስጠይቀው እሱም አላወቀም፤ ያነሳሁትን ግን አጠፋሁ። ወታደራዊ ቦታ፣ ግድብና ድልድይ ጥያቄ የለውም፤ ቢሾፍቱ የአየር ኃይል ከተማ መሆኗን ማንም አይርሳ። ድሮንም ያለ ኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ አይበርም። የአንድ ጣቢያ ፊት፣ የአንድ አሮጌ ሆቴል በረንዳ ግን ለማን ምስጢር ነው? በጽሑፍ የተቀመጠ ግልጽ ደንብ ቢኖር ጥበቃውም ፎቶ አንሺውም ያርፉ ነበር። ሰውን ማንሳት ደግሞ የሰውየው ፈቃድ ነው። በፈንታሌ አካባቢ የከረዩ ወጣቶች በጎፈሬያቸው ምክንያት ሲነሱ ኖረዋል፤ ምስላቸው ግን ተመልሶ አይደርሳቸውም። «አካም» ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ተቀምጦ፣ ከዚያ ጠይቆ ያነሳ፣ አትሞም የመለሰ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ሲሄድ በስሙ ይጠራል።

አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት ለኢትዮጵያ ፎቶ አንሺዎች ትልቅ መድረክ ሆኗል። ለአዳማ አማተር ግን ኤግዚቢሽን ከማሳየት በፊት የሚቀድም ነገር አለ፦ ቀንና ቦታ መጻፍ፣ ወደዚያው ቦታ መመለስ። የመተሃራው በሰቃ ሐይቅ ለዚህ ይመሰክራል። በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ይህ ጨዋማ ሐይቅ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። አብጃታ ሲሸሽ በሰቃ ይመጣል፤ መንገዱም ሐዲዱም በተደጋጋሚ ከፍ ተደርገው ተሠርተዋል።

በእናቴ አልበም ውስጥ አጎቴ በመተሃራ መንገድ ዳር፣ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ አንድ እግሩን አሳርፎ የቆመበት ፎቶ አለ። ውኃው ከጀርባው በሩቅ፣ እንደ ቀጭን ክር ይታያል። በፎቶው ጀርባ «ለማስታወሻ ይሁንሽ» ተብሎ ተጽፏል፤ ዓመት የለውም። ባለፈው ጥር የፈንታሌን ጫፍና የኮረብታውን ትከሻ እያስተያየሁ ቦታውን ፈለግኩ። መስመሩ ሲገጥምልኝ ውኃው ጫማዬን ነካው፤ አጎቴ የቆመበት ድንጋይ ከፊቴ፣ ከውኃው በታች ነበር። ከዳር ሆኜ አነሳሁ፤ አሳትሜም ጀርባው ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቆምኩበትን ቦታ ጻፍኩ።